አራት ቃሬዛ ከጉና

የመጀመሪያው የመድፍ አረር የጤና ጣቢያውን የውሃ ታንከር ቀደደው፤ ሁለተኛው ፈንታሁንን ጣለው።

ስርጉት በዚያች ቅጽበት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ተንበርክካ የወላዷን የትእዛዝን ሆድ በሁለት መዳፏ ትዳስስ ነበር። ልጁ ተጋድሟል። ራሱ በእናቱ ቀኝ ጎን፣ መቀመጫው በግራዋ ሆኖ ከትናንት ማታ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። የመስኮቱ መስተዋት ተፈርክሶ ሲረግፍ ምጥ የያዛት ሴት ላይ ተደፋችባት። ጀርባዋ ላይ የዘነበው ስብርባሪ ሲያባራ፣ ጆሮዋ ጭው እንዳለ ወደ ውጭ ሮጠች።

ዘበኛው ከአጥሩ ሥር እንደተቀመጠ ነው፤ አንገቱ ላይ ግን ራስ አልነበረም። ፈንታሁን በሩ አጠገብ በጎኑ ወድቋል። ነጭ ጋዋኑን ሆዱ ላይ ጨምድዶ ይዞ፣ የጣለውን ዕቃ እንደሚፈልግ ሰው ጭቃውን ጭቃውን ያያል። እጁን አላቃ አየች። የገባው ፍንጣሪ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ቀዳዳው ግን ጥቁር ነበር፤ የሚሸተውንም የተቀደደ አንጀት ሽታ ታውቀዋለች። በፋሻ ጠቅልላ አሰረችው። ምን ላድርግ ልትለው አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

መጠየቅ ልማድ ሆኖባት ነው። አዋላጅ ነርስ ሆና ጅባራ ሜዳ ጤና ጣቢያ በተመደበች በመጀመሪያው ዓመት አንዲት ወላድ ደሟ አልቆም ብሎ እጇ ላይ ሞታባት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ በራሷ ፍርድ አንዲት ነገር አድርጋ አታውቅም። ግሉኮስ ለመትከል እንኳ «ፈንታሁንን ልጠይቀው» ነው መልሷ። የግቢው ሰው «ሲስተር ልጠይቀው» የሚል ስም አውጥቶላት፣ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፈው ነበር። ፈንታሁን የጣቢያው ኃላፊ፣ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ ጤና መኮንን፣ የደብረ ታቦር ልጅ ነው። ስትጠይቀው መልሱን ቶሎ አይነግራትም። «አንቺ ምን አየሽ?» ይላታል። ያየችውን ስትነግረው «እንግዲያው ምን ቀረሽ?» ብሎ ይስቃል።

ዘመኑ የሁለት ሺህ ዐሥራ ሦስት ክረምት ነው፤ ፍልሰታ ገብቷል። ጦርነቱ ከምሥራቅ ተነሥቶ አገር ለአገር ሲንከባለል ጉና ጫፍ ደርሶ ነበር። መብራት ከጠፋ ሦስት ሳምንት፣ ስልክ ከተቋረጠ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ከጣቢያው ዘጠኝ ሠራተኞች ስድስቱ ቤተሰባቸውን ይዘው ወርደዋል፤ የቀሩት ፈንታሁን፣ ስርጉትና ዘበኛው ነበሩ። አሁን ሁለት ቀሩ፤ ከሁለቱም አንዱ ጭቃው ላይ ተጋድሟል።

ረፋዱ ላይ ሃምሳ አለቃ ሙሉሐብት ዐሥራ ስድስት ገበሬዎች አስከትሎ ከጉም ውስጥ ወጣ። ሙሉሐብት ቀድሞ ጦር ውስጥ ያገለገለ፣ አሁን የቀበሌውን ሚሊሻ የሚመራ፣ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነው። ጋቢ አልለበሰም። ታናሽ ወንድሙ ትናንት ጎሕ ሲቀድ ተራራው ላይ ወድቆ፣ ጋቢውን እሱ ላይ አልብሶት ነው የመጣው። ይህንን ለስርጉት የነገሯት ተሸካሚዎቹ ናቸው፤ እሱ አልተናገረም። የተናገረው ሚሊሻው የያዘው ሸንተረር ከማታ በፊት እንደሚለቀቅ፣ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ማዶ አንድ አይሱዙ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ ግን ማንም እንደማይጠብቅ ነበር።

«ስንት ቃሬዛ ነው?» አለ።

አራት ነው። ልጁ ሆዷ ውስጥ የተጋደመባት ትእዛዝ፤ ጭናቸው የተሰበረ አያ ገብረ ማርያም የሚባሉ አዛውንት ሚሊሻ፤ ፈንታሁን። አራተኛው በዋዜማው ገብስ ማሳ ውስጥ ደም ሲያፈስ የተገኘ የወዲያኛው ጦር ሰው ነው። ገበሬዎቹ በመጥረቢያ ሊጨርሱት ሲሉ ፈንታሁን ከመካከላቸው ገብቶ አምጥቶት ነበር። የእግሩን ቁስል በጨርቅ ጠቅጥቃ ደሙን ያቆመችለት ስርጉት ናት።

ሙሉሐብት አራተኛውን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ማን ከማን እንደሚቀድም ሲጠይቅ ሁሉም ፈንታሁንን አየ። ፈንታሁን ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ስለዚህ ስርጉት ተናገረች። ትእዛዝ ትቅደም፣ ፈንታሁን ይከተል፣ ከዚያ አያ ገብረ ማርያም፣ እስረኛው በመጨረሻ። ድምጿ ስለቀጠነባት ሁለት ጊዜ ደገመችው።

ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከጠፍር በተበጁት ቃሬዛዎች ላይ ሰዎቹን ጭነው ወረዱ። ለአንድ ቃሬዛ አራት ሰው ነው። ሙሉሐብት ክላሹን ይዞ ከፊት፣ የአጥቢያው አገልጋይ ቄስ ይሻው መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ከኋላ። ቄሱ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ታቦቱ ቀድሞ ስለወረደ እሳቸውም መውረድ ነበረባቸው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ የትእዛዝ ባል ነው። የሚስቱን ግራ እግርጌ ይዞ፣ ምጧ በመጣ ቁጥር ጥርሱን ከእሷ ጋር ይነክሳል። ጭቃው እስከ ቅልጥም ይውጣል፤ በየእርምጃው አንዱ ሲንሸራተት ሦስቱ ያቃስታሉ።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ሁሉም የፈራት ነፋስ በር ነበረች። ነፋስ በር በሁለት ገደል መካከል የተዘረጋች፣ ከጓሳ ሣር በቀር ቁጥቋጦ የሌለባት ገላጣ ትከሻ ናት። ርዝመቷ ሦስት መቶ እርምጃ ይሆናል፤ ከማዶው ሸንተረር ቁልጭ ብላ ትታያለች። ሙሉሐብት ጉሙ እስኪወፍር አስቆማቸው። ጉሙ ወፈረ፤ ገቡ። ግማሽ መንገድ ላይ ሳሉ ነፋሱ ዞረና ጉሙን እንደ ጨርቅ ገፎ ወሰደው።

ማዶ የተጠመደው ዲሽቃ መትረየስ ያን ጊዜ ጀመረ። ድምፁ ከመድረሱ በፊት ሣሩ ሲቆረጥ ታየ። የፈንታሁንን ቃሬዛ ፊት የያዘው ሰውዬ ከወገቡ ላይ ታጥፎ ወደቀ፤ ጎኑ የነበረው ጎረቤቱ ዞር ብሎ ሊያየው ሲል ደረቱ ተከፈተ። ቃሬዛው መሬት ሲመታ ፈንታሁን የጮኸው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። ሦስተኛው ሟች የወደቁትን ሊያነሣ ጎንበስ ያለው ነው። ስርጉት በሆዷ ተኝታ ፊቷን ሣሩ ውስጥ ቀበረች፤ አፏ ውስጥ አፈርና ትኩስ ደም ገባ፤ ደሙ የማን እንደሆነ አላወቀችም። የሚቀጥለው ጥይት ጀርባዋን እስኪያገኛት ትጠብቅ ነበር።

ያስነሣት የትእዛዝ ድምፅ ነው። ሴትዮዋ ገላጣው መሃል፣ ቃሬዛው ላይ እንደታሰረች፣ ሰማይ ሰማዩን እያየች «እናቴ ሆይ» ትላለች፤ ድምፅዋንም አልጨመረችም። አራቱ ተሸካሚዎቿ በዙሪያዋ ተደፍተዋል። ስርጉት በእንብርክኳ ሄዳ ያንዱን ቀበቶ ጨብጣ ጎተተችው። ተነሥ አላለችውም። እንጨቱን እጁ ላይ አኖረችለት፤ ሰውየውም ተነሣ። እሱ ሲነሣ ባሏ ተነሣ፤ ከዚያ ሌሎቹ። እንዲህ እያደረገች ከቃሬዛ ወደ ቃሬዛ በእጇና በጉልበቷ ዞረች። የፈንታሁንን ቃሬዛ ከተረፉት ሁለት ሰዎች ጋር ሙሉሐብትና እሷ ጎተቱት። የትከሻውን ጫፍ አልፈው ከቋጥኙ ሥር ሲወድቁ በረዶ መዝነብ ጀመረ።

እዚያ ቆጠሩ። ሦስት ተሸካሚዎች ነፋስ በር ላይ ሞተው ቀርተዋል። ሁለቱ ክንዳቸውን ተመትተዋል፤ መራመድ እንጂ መሸከም አይችሉም። መሸከም የሚችሉት ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ከሙሉሐብት ጋር ዐሥራ ሁለት። ከዚህ በታች ያለው ቁልቁለት ፍየል የሚፈራው ነው፤ ቃሬዛ በሁለት ወይም በሦስት ሰው የሚወርድበት አይደለም። ዐሥራ ሁለት ሰው ሦስት ቃሬዛ ያወርዳል። ይህንን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ ሁሉም ግን ቆጥሮ ጨርሶ ነበር።

ሙሉሐብት ክላሹን አወረደና ወደ አራተኛው ቃሬዛ ሄደ። አፈሙዙን እስረኛው ግንባር ላይ አኖረ። ሰውየው ዓይኑን አልጨፈነም፤ በረዶው ፊቱ ላይ እየነጠረ ያየዋል።

«አንዲት ጥይት አራት ተሸካሚ ትፈታልኛለች» አለ ሙሉሐብት። ለማንም አልነበረም የተናገረው።

ከተሸካሚዎቹ ማንም አልተቃወመም። ቄስ ይሻው መስቀላቸውን አውጥተው «ልጄ» አሉና፣ ሙሉሐብት ዞር ብሎ ሲያያቸው መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱት። ስርጉት ፈንታሁን አጠገብ ነበረች። ሆዱን ከዳሰሰችው ቆይታለች፤ እጇ የነገራትን ግን ለራሷም ልትቀበለው አልፈለገችም። ተነሥታ ሙሉሐብት ዘንድ ሄደች። መሣሪያውን አልነካችም።

«ሃምሳ አለቃ፣ እጅዎን ያምጡ» አለችው።

አላመጣም። አንጓውን ያዘችና ጎተተችው፤ ከመደነቁ የተነሣ ተከተላት። መዳፉን ፈንታሁን ሆድ ላይ አሳረፈችው። ሆዱ እንደ ሳንቃ ደርቋል። ከንፈሩ ዐመድ መስሏል፤ በዚያ ብርድ ላብ ያጠምቀዋል።

«ውስጡ ፈስሷል» አለችው በዝቅታ። «መንገዱን አይጨርስም። አንድ ሰዓትም አይሞላው። ያ ሰውዬ ግን ዛሬ ከደረሰ ይድናል።»

«ያ ሰውዬ ወንድሜን የገደለ ነው።»

«እሱ ይሁን ሌላ እርስዎም አያውቁም። እኔ የማውቀው የሚድንና የማይድን ብቻ ነው። የምንሸከመው የሚድነውን ነው።»

«ፈንታሁንን ጥለን? ይህን?» አለ ሙሉሐብት፤ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «አገሩ ምን ይለኛል?»

«እርስዎን ምንም አይልዎትም። የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ለጠየቀ ሁሉ ይንገሩ። እሱን ከገደሉት ግን እኔ ከዚህ አልነቃነቅም፤ ትእዛዝን እርስዎ ያዋልዷት።»

ይህን ስትል ጉልበቷ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሙሉሐብት አየው። አንድ ሰው ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ካልሸሸ፣ ያ ሰው እንደማይመለስ ከብዙ ጦር ሜዳ ያውቃል። መሣሪያውን ወደ ትከሻው መለሰና የእስረኛውን ቃሬዛ አንድ ጫፍ ያዘ። ሦስት ሰው እስኪመጣለት ቆመ። የመጡት ቆይተው ነው፤ አንደኛው እያለቀሰ ነበር።

ስርጉት የቀረቻትን አንዲት የሕመም ማስታገሻ ብልቃጥ አያ ገብረ ማርያምን አይታ፣ ፈንታሁንን አይታ፣ ለፈንታሁን ወጋች። ቄስ ይሻውን አብረውት ይቀሩ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ሌላ የት እሄዳለሁ ልጄ ብለው ራስጌው ተቀመጡና ከሣር የተሠራ የዝናብ ገሳቸውን ለሁለት ዘረጉት።

ፈንታሁን ሁሉን ሰምቷል። ዓይኑን ሲገልጥ ያን የምታውቀውን የጠያቂ አስተያየት ጠበቀች፤ ልክ ነሽ ይለኛል ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። ፈንታሁን ግን የእጅጌዋን ጫፍ ጨብጦ፣

«አትተዪኝ» አላት። «ስርጉት፣ አትተዪኝ።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። አምስት ነበሩ። ከዚያ ተነሥታ ሄደች፤ ዞራም አላየች። ብትዞር ኖሮ እንደማትሄድ ታውቅ ነበር።

ቁልቁለቱን ያለ ተቀያሪ ወረዱት። የተሸካሚዎቹ ትከሻ ተልጦ ደሙ ከበረዶው ውሃ ጋር በጀርባቸው ይወርዳል። እግር የሚያስቀምጡበትን ድንጋይ የምትመርጠው ስርጉት ሆነች። እዚህ ርገጡ፣ እዚያ ጎንበስ፣ አሁን አሳርፉ፤ በየመቶ እርምጃው እያሳረፈች፣ ሃያ እየቆጠረች ታስነሣቸዋለች። አንዱ ከዚህ ወዲያ አልችልም ብሎ ሲቀመጥ አልተቆጣችውም፤ አጠገቡ ተቀምጣ ሃያ ቆጠረች፤ ጨርሳ ስትነሣ እሱም ተነሣ። የትእዛዝ ምጥ መራራቁን ትቶ ነበር፤ አሁን ሴትዮዋ መጮህም አቁማለች፤ ያ ዝምታ ስርጉትን ከዲሽቃው ይልቅ ያስፈራት ነበር።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ ጥቁር ውሃ ግን በዚያን ቀን አላሳሳቀም። ከሩቅ ያጓራ ነበር። ድንጋይ እያንከባለለ፣ ከላይ ከየማሳው የጠረገውን የድንች ተክልና የሞተ በግ ይዞ ይወርዳል። ማዶ አይሱዙው ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ሾፌሩ በእጁ ቶሎ ቶሎ ይላል፤ ምክንያቱም ከኋላቸው፣ ከወረዱበት ጫፍ ላይ፣ ሰዎች መታየት ጀምረው ነበር።

ትእዛዝን አስቀድመው አሻገሯት፤ ውሃው ደረታቸው ላይ ሲደርስ ቃሬዛውን በራሳቸው ላይ አነሡት። አያ ገብረ ማርያም ተከተሉ። እስረኛው መሃል ላይ ሲደርስ ጥይት ውሃውን ይደበድበው ጀመር። ከፊት በስተቀኝ የያዘው ገበሬ አንገቱን በእጁ መታ፣ ዝንብ የነከሰው ይመስል። በጣቶቹ መካከል ደም ተንዠቀዠቀ። ስርጉትን አያትና እንጨቱን ለቀቀ፤ ውሃው ወዲያው ወሰደው። የቃሬዛው ጫፍ ሲዘቀዝቅ ትከሻዋን ከሥሩ አስገባች። ክብደቱ ወደ ታች ከተታት፤ ውሃ ጠጣች፤ ድንጋይ ላይ ተንጠራርታ ቀና አለች። ከጎኗ የነበረው የትእዛዝ ባል ነው። ሚስቱን ማዶ አድርሶ የተመለሰው ይህንኑ የማይወደውን ሰው ለመሸከም ነበር።

«ሃያ ቁጠሪ ሲስተር» አላት ጥርሱ እየተፋጨ።

ቆጠረች። ዐሥራ ስምንት ላይ እግራቸው አሸዋ ነካ።

አይሱዙው ላይ ሲወጡ፣ ቃሬዛው ሥር የነበረው ትከሻዋ ተነቅሎ የቀረ መስሏት ተደግፋ ተቀመጠች። እስረኛውን ስሙን ጠየቀችው፤ እስከዚያች ሰዓት ማንም አልጠየቀውም። ግርማይ አላት። ሌላ ነገር አልተነጋገሩም። የተሸከሙት ሰው ለማንም ምንም አልጠቀመም፤ የደበቀው ምሥጢርም፣ የሚከፍለው ውለታም አልነበረውም። እግሩ ብቻ ሞቃት ነበር፤ ደም ይደርሰዋል ማለት ነው።

አያ ገብረ ማርያም መኪናው ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲያቃስት ሞቱ። ድምፅ አላሰሙም። ስርጉት የትእዛዝን ሆድ ስታዳምጥ ቆይታ ዞር ስትል፣ ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደከፈቱ ነበር። ጭናቸው ብቻ የተሰበረ መስሏት ነበር፤ ውስጥ ለውስጥ የፈሰሰውን አላየችም። ይድናሉ ብላ ካስቆጠረቻቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ናቸው። ዓይናቸውን ስትከድን፣ ከቋጥኙ ሥር የቀረው ሰው ፊቷ ላይ ድቅን አለ። ሙሉሐብት አያት፤ አንገቱን አቀረቀረ። እሷም አቀረቀረች። ልታለቅስ አስባ ነበር፤ ትእዛዝ ግን እጇን ያዘቻት፤ ስለዚህ አላለቀሰችም።

ደብረ ታቦርም እፎይታ አልነበረባትም። ከተማዋ ዳር ሁለት አረር ወድቆ የአንድ ቤት ቆርቆሮ አስፋልቱ ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሰው ፍራሽና ሕፃን ተሸክሞ ወደ ምዕራብ ይጎርፋል። ሆስፒታሉ በር ላይ ግን ወደ ምዕራብ ያልሄዱት ቆመዋል፤ ከየግንባሩ የሚመጣውን መኪና እየተንጠራሩ የሚያዩ እናቶች። ትእዛዝን ሮጠው ወደ ቀዶ ሕክምና አስገቧት። ቆይቶ አንዲት ነርስ ብቅ ብላ፣ ሴት ልጅ ናት፣ ሁለቱም አሉ ብላ ለባሏ ነገረችው፤ ሰውየው ግድግዳውን ይዞ ቁጢጥ አለ። ግርማይን ሌላ ክፍል ወሰዱት፤ እግሩ እንደሚተርፍለት የተነገረው በማግሥቱ ነው።

ስርጉት ደረጃው ላይ ስትወጣ ወይዘሮ ጽጌን አየች። የፈንታሁን እናት ናቸው። ለሁለት ፋሲካ ቤታቸው በልታለች። በትንሽ ፌስታል ቆሎ ቋጥረው፣ መኪናው ላይ የቀረ ሰው እንዳለ ለማየት አንገታቸውን ያሰግጋሉ።

ሙሉሐብት ክንዷን ያዘ። ነፋስ በር ላይ በጥይት ወደቀ እንበላቸው አላት በሹክሹክታ። ወዲያው ሞተ፣ ምንም አልተሰማውም እንበላቸው፤ ከእኛ ሌላ ማን ይነግራቸዋል? ነውርም አልነበረበትም፤ ለእሷ አዝኖ ነው። ስርጉት ክንዷን አስለቀቀች።

«እትዬ ጽጌ» አለች። ቆመችላቸው። «ፈንታሁን አልመጣም። ሆዱን ተመትቶ ነበር። ተሸካሚ አነሰንና ከቄስ ይሻው ጋር መንገድ ላይ ተውነው።»

ሴትዮዋ ቃሉ የገባቸው አልመሰለም። «ሞቶ?» አሉ።

«በሕይወት እያለ።»

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ሙሉሐብት «ለእናቴ ሰላም በሉልኝ ብሎ…» ሊል ጀመረ። ስርጉት አቋረጠችው።

«‹አትተዪኝ› አለኝ። ተውኩት። የወሰንኩት እኔ ነኝ።»

ጥፊው ከየት እንደመጣ አላየችም። ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ጠበቀች፤ ፊቷንም አላዞረችም። በዚያው መሃል አንድ መኪና ጡሩምባውን እያስጮኸ በሩን ጥሶ ገባ። ላዩ ላይ የተደራረቡ ሰዎች ነበሩ፤ ደማቸው በጎማው ላይ ይንጠባጠባል። አንዲት ነርስ ሲስተር፣ እጅሽ ባዶ ከሆነ ነይ ብላ ተጣራች። ስርጉት አልተንቀሳቀሰችም፤ ጽጌን ታይ ነበር።

«ሂጂ» አሉ ጽጌ። ድምፃቸው ደረቅ ነበር። «ሥራሽን ጨርሺና ነይ። ነገሩን ከጧቱ ጀምረሽ ትነግሪኛለሽ። አንዲት ነገር እንዳትደብቂኝ።»

ሥራው ያለቀው በማግሥቱ ቀትር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ቄስ ይሻው በሌላ መንገድ፣ ያለ ጫማ፣ ወርደው ደርሰው ነበር። የነገሯትን ይዛ ወጣች። ወይዘሮ ጽጌ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው። የሆዱን መድረቅ፣ የዐሥራ ሁለቱን ሰዎች ቆጠራ፣ የእስረኛውን ነገር፣ ያላቀቀቻቸውን ጣቶች፣ በመኪና ላይ የሞቱትን ሽማግሌ። እናቲቱ እስከ ፍጻሜው ሰሙ።

«ስንት ሰዓት ቆየ?» አሉ በመጨረሻ።

«ቄስ ይሻው እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ነው ያሉኝ።»

«አንቺ ምን ብለሽ ነበር?»

«አንድ ሰዓት አይሞላም ብዬ ነበር።»

ጽጌ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ እንደገና ጠቀለሉ። «ብትሸከሙት ይደርስልኝ ነበር?»

ስርጉት ለዚህ መልስ ስትፈልግ ነበር ያደረችው። በየቁስሉ ላይ ጎንበስ ባለች ቁጥር ፈልጋዋለች።

«አይመስለኝም» አለች። «ግን አላውቅም፣ እትዬ ጽጌ። አላውቅም።»

ሴትዮዋ ያን ጊዜ አለቀሱ። ስርጉትም አብራ አለቀሰች፤ እጃቸውን አልነካችም፤ እሳቸውም አላባረሯትም። ሲጨርሱ በነጠላቸው ፊታቸውን ጠርገው ወዴት እንደምትሄድ ጠየቋት። ሙሉሐብት መጥቶ እንደነበር ነገረቻቸው። የወዲያኛው ጦር ከነፋስ በር ወዲያ ተመልሷል፤ በየዋሻው የቀሩ ቁስለኞች አሉ፤ ተሸካሚዎቹ ሲስተር ካልመራችን አንወጣም ብለዋል።

«እንግዲያው ልጄን አምጪልኝ» አሉ ጽጌ።

«አመጣልዎታለሁ።»

በማግሥቱ ስምንት ተሸካሚና ሁለት ቃሬዛ ይዛ ወጣች፤ አንዱ ለሚገኘው ቁስለኛ፣ አንዱ ለፈንታሁን።